የንግድ ሳተላይቶች በስውር ለጦር ዓላማ ሊያገለግሉ ይችላሉን?

(አስረጂ ድርሰት፤ ለንባብና ለመልመጃ)

ከማንበባችሁ በፊት

አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ ሊሆን እንደቻለ በማስረጃ እየተደገፈ የሚብራራበት የጽሑፍ ዓይነት ነው። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ «ነው»፣ «ይችላል» እና «ይባላል» የሚሉት ማሰሪያ አንቀጾች የት የት እንደ ገቡ አስተውሉ። የምንባቡ ቁም ነገር በእነዚህ ሦስት ቃላት መካከል ካለው ልዩነት ጋር የተያያዘ ነው።

ምንባብ

1. በጎግ ሰማይ ሥር

በጋምቤላ ክልል፣ በአኝዋ ብሔረሰብ ዞን፣ በጎግ ወረዳ የምትኖሩ ብትሆኑ፣ ሰማዩ በጠራ የበጋ ምሽት ከቤት ወጥታችሁ ወደ ላይ ብትመለከቱ፣ ከከዋክብት መካከል አንዲት ብርሃን ሳትብለጨለጭ በዝግታ ስትጓዝ ማየታችሁ አይቀርም። አውሮፕላን ናት እንዳይባል ድምፅም ቀይ መብራትም የላትም። ተወርዋሪ ኮከብ ናት እንዳይባል ጉዞዋ የተረጋጋ ነው። ይህች ብርሃን የፀሐይን ጨረር የምታንጸባርቅ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ናት። አንዳንድ ጊዜም ብዙ ሳተላይቶች በአንድ ክር እንደ ተሰኩ ዶቃዎች ተከታትለው ሲያልፉ ይታያሉ።

እንዲህ ባለ ምሽት በእሳት ዳር ክርክር ይነሣል። አንዱ፣ «የስልክና የኢንተርኔት ሳተላይት ናት» ይላል። ሌላው፣ «የለም፤ የንግድ ነኝ ብላ የምትሰልል ናት» ሲል ይመልስለታል። ሁለቱም በእርግጠኝነት ይናገራሉ፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱም ማስረጃ አላቀረበም።

ይህ ክርክር የሥራ ፈቶች ወሬ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። የጎግ ወረዳ ከተማ ፑኝዶ ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ብዙ የደቡብ ሱዳን ሰዎች ተጠልለው የኖሩባት ሥፍራ ናት። ጦርነት ምን እንደሚያስከትል ከሸሹት አፍ የሰማ ሰው፣ ከራሱ በላይ የሚያልፈው ነገር የማን እንደ ሆነና ምን እንደሚሠራ መጠየቁ ተገቢ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በጥንቃቄ እንመርምረው።

2. የሳተላይት ሦስት ዋና ዋና ተግባራት

ሳተላይቶች ለሰው ልጅ የሚሰጡት አገልግሎት ብዙ ቢሆንም ለያዝነው ጉዳይ የሚያስፈልጉን ሦስት ናቸው። እነዚህም መልእክት ማስተላለፍ፣ ቦታ ማመልከትና ምስል ማንሣት ናቸው።

መልእክት አስተላላፊ ሳተላይት ከምድር የተላከለትን የራዲዮ ሞገድ ተቀብሎ ወደ ሌላ ቦታ ይመልሳል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ፣ ለሚመለከታቸው ሰው በአንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ። ሌሎቹ ግን እንደ ስታርሊንክ ያሉት በ550 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ሆነው ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይዞሯታል። የሁሉም ሥራ የጊሎን ወንዝ በታንኳ ከሚያሻግር ሰው ሥራ ጋር ይመሳሰላል። አሻጋሪው ዋጋውን ተቀብሎ ቅርጫቱን ያሻግራል እንጂ በቅርጫቱ ውስጥ በቆሎ ይኑር ጥይት ገልጦ አያይም። ለሳተላይቱም የእናት ደብዳቤና የአዛዥ ትእዛዝ ያው አንድ ዓይነት ሞገድ ናቸው።

ቦታ አመልካች ሳተላይት ተቀባይ መሣሪያ የያዘ ሁሉ በምድር ላይ የቆመበትን ሥፍራ እንዲያውቅ ያደርጋል። ጂፒኤስ የተባለው የታወቀው ሥርዓት ከመጀመሪያው የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ለጦር ኃይሉ የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 መንገዱን የሳተ የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን በሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላን ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሰላማዊ ሰዎችም ክፍት እንደሚሆን የአሜሪካ መንግሥት አስታወቀ። እስከ ግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ግን ለሕዝብ የሚሰጠው ምልክት ሆን ተብሎ ትክክለኛነቱ እንዲቀንስ ይደረግ ነበር። በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክና በደቡብ ሱዳን መካከል የሚመላለሱትን የነጭ ጆሮ ቆርኬዎች ጉዞ ተመራማሪዎች የተከታተሉት በእንስሳቱ አንገት ላይ በታሰረ የሳተላይት መሣሪያ ነው። እንግዲህ ቆርኬውንም ሚሳይሉንም የሚመራው ዕውቀት ከአንድ ምንጭ የተቀዳ መሆኑን ልብ በሉ።

ምስል አንሺ ሳተላይት ደግሞ ምድርን ከላይ ያያል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የመሬት ምልከታ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ለግብርና፣ ለውኃ ሀብትና ለአካባቢ ጥበቃ ጥናት የታሰበች ነበረች። በምስሏ ውስጥ ትንሿ ነጥብ በምድር ላይ 14 ሜትር ያህል ስፋት ያላትን ቦታ ትወክላለች። ስለዚህ የተመነጠረ ደንንና ወንዝ ሞልቶ ያጥለቀለቀውን መስክ ለማሳየት ትበቃለች፤ መኪናን ከመኪና ለመለየት ግን አትበቃም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2014 የተወነጨፈው ወርልድቪው-3 የተባለ የአሜሪካ የንግድ ሳተላይት 31 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነገር ለይቶ ያሳያል። እንዲህ ያለ ምስል ለከተማ ፕላንም፣ ለስደተኞች መጠለያ ቆጠራም፣ የጦር ሰፈርን ለማጥናትም ያገለግላል።

ከዚህ የምንረዳው መሣሪያው ራሱ «የሰላም» ወይም «የጦር» የሚል መለያ የሌለው መሆኑን ነው። መለያውን የሚሰጠው ተጠቃሚው ነው።

3. በባሮ ዳር የተጻፈ ውል

ይህ ችግር ከሳተላይት ጋር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። እዚያው ጋምቤላ ውስጥ የቆየ ምሳሌ አለው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን በሚመለከት ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ውል ሲዋዋሉ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከኢታንግ አጠገብ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። በውሉ ውስጥ የተከራየው መሬት ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ዓላማ እንዳይውል የሚያግድ ቃል ገብቶበታል። ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ፤ ባሮ በሚሞላበት ወራትም የእንፋሎት ጀልባዎች ከሱዳን እየመጡ የኢትዮጵያን ቡና ይጭኑ ነበር። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

ውሉን የጻፉት ሰዎች ስጋት ምን እንደ ነበረ ከራሱ ከውሉ ቃል መገመት ይቻላል። ቡና የሚያመላልስ ጀልባ ወታደርም ሊያመላልስ ይችላል። በእርግጥም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ አዛዥነት ከሱዳን የመጣ ጦር ጋምቤላን ከኢጣሊያ እጅ አስለቀቀ። ቀጥሎም የቤልጅግ ኮንጎ ጦር ወደ ሳዮ፣ ማለት ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ሲዘምት ጋምቤላን መነሻው አደረጋት። ይህ የሆነው በስውር ሳይሆን በግልጽ ጦርነት ነው። ሆኖም አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል፤ ወደቡ ለነጋዴ የሚጠቅምበት ምክንያትና ለጦር አዛዥ የሚጠቅምበት ምክንያት አንድ ነበር። እርሱም መንገድነቱ ነው።

እንዲህ ያለው የውል ቃል በሳተላይት ዘመንም ተደግሟል። ለመርከቦች የሳተላይት ግንኙነት እንዲሰጥ በመንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው ኢንማርሳት፣ መሥራች ውሉ ለሰላማዊ ዓላማ ብቻ እንዲሠራ ያዝዘው ነበር። «ሰላማዊ» የሚለው ቃል የጦር መርከብን ስልክ ይከለክላል ወይስ አይከለክልም በሚለው ላይ ግን የሕግ ሊቃውንት ተከራክረውበታል።

4. የቃኘው ጣቢያ

የምስጢርን ነገር ለመረዳት ደግሞ ወደ አስመራ እንሂድ። የኢጣሊያ የባሕር ኃይል ይገለገልበት የነበረውን ራዲዮ ማሪና የተባለ ጣቢያ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1943 ተረከበ። አስመራ ከፍ ያለችና ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ የሩቅ የራዲዮ ሞገድ ለመቀበል እጅግ የተመቸች ነበረች። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1953 በሁለቱ መንግሥታት መካከል በተደረገ ስምምነት የጣቢያው ይዞታ ጸና። ስሙም ወደ ኮሪያ በዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ስም «ቃኘው» ተባለ።

ጣቢያው የአሜሪካ ጦር መገናኛ መሆኑ አልተደበቀም ነበር። የተደበቀው የሥራው ዓይነት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በዚያ የተተከሉት ሁለት ግዙፍ ሳህን መሰል አንቴናዎች፣ ትልቁ 46 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ የሶቪየት ኅብረት ወደ ጨረቃና ወደ ፈለኮች ከላከቻቸው መንኰራኩሮች የሚመጣውን ምልክት ይጠልፉ ነበር። ጣቢያው በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በደርግ ትእዛዝ ተዘጋ፤ የአንቴናዎቹ ሥራ ዝርዝር በይፋ የታወቀው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

የቃኘው ታሪክ የሚያስተምረን አንቴናን ማየትና የአንቴናን ሥራ ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። የአስመራ ሰው አንቴናዎቹን በየቀኑ ያይ ነበር።

5. ግልጽ፣ ከፊል ስውርና ፍጹም ስውር

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ፣ የንግድና የጦር ግንኙነት በሦስት ደረጃ ተከፍሎ ሊታይ ይችላል።

የመጀመሪያው ግልጽ ግንኙነት ነው። ኢሪዲየም የተባለው የሳተላይት ስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ ጀምሮ በ1999 ከሰረ። በ2000 መጨረሻ የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ለሁለት ዓመት አገልግሎት 72 ሚሊዮን ዶላር የሚከፍልበት ውል ሲፈርም ድርጅቱ ነፍስ ዘራ። ውሉ በይፋ የተነገረ እንጂ የተደበቀ አልነበረም።

ሁለተኛው ከፊል ስውር የሆነ ግንኙነት ነው። ስፔስኤክስ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን 60 የስታርሊንክ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 አመጠቀ። በየካቲት 2022 የዩክሬን ጦርነት ሲስፋፋ አገልግሎቱ ለሆስፒታልም ለወታደርም ዋለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኩባንያው ለመንግሥታት የደኅንነት ሥራ የሚውል ስታርሺልድ የተባለ ዘርፍ ማቋቋሙን ራሱ አስታወቀ። በመጋቢት 2024 ደግሞ ሮይተርስ የተባለው የዜና ወኪል፣ ኩባንያው ከአሜሪካ የስለላ ሳተላይት መሥሪያ ቤት ጋር በ2021 የ1 ነጥብ 8 ቢሊዮን ዶላር ምስጢራዊ ውል መዋዋሉን ምንጮችን ጠቅሶ ዘገበ። የዘርፉ መኖር ግልጽ ነው፤ የውስጡ ሥራ ግን ምስጢር ነው።

ሦስተኛው ፍጹም ስውር ነው፤ ስሙ አንድ፣ ሥራው ሌላ ማለት ነው። አሜሪካ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ዲስከቨረር» በሚል ስም ለሳይንስ ምርምር ናቸው እያለች ያመጠቀቻቸው መንኰራኩሮች፣ በእርግጥ ኮሮና የተባለ የስለላ ፎቶግራፍ ፕሮግራም ነበሩ። እውነቱ ለሕዝብ የተገለጸው በ1995 ነው። ክሪፕቶ ኤጂ የተባለው የስዊስ ኩባንያም ከመቶ ለሚበልጡ አገሮች የምስጢር መጻፊያ መሣሪያ ሲሸጥ ኖሯል። ከ1970 ጀምሮ ግን ባለቤቶቹ የአሜሪካና የምዕራብ ጀርመን የስለላ ድርጅቶች እንደ ነበሩ በ2020 ተጋለጠ። ይህ ሁለተኛው ምሳሌ የሳተላይት ባይሆንም፣ የንግድ ስም ለስለላ መጋረጃ ሆኖ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሊያገለግል እንደሚችል ያረጋግጣል።

እንግዲህ «ይችላሉን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አዎን፣ ይችላሉ» ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ሁሉም ሰላዮች ናቸው» ማለት አይገባም። ቢላዋ ሊገድል ይችላል ማለት በየቤቱ ያለ ቢላዋ ሁሉ ገድሏል ማለት አይደለምና።

6. ጉዳዩ ለምን ይመለከተናል?

ሰላማዊው ሰውና ወታደሩ በአንድ ታንኳ ሲሳፈሩ፣ በታንኳው ላይ የሚተኮሰው ሁለቱንም ያገኛቸዋል። የካቲት 24 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. የዩክሬን ጦር ይገለገልበት የነበረው የቪያሳት ኩባንያ የሳተላይት መረብ በኮምፒዩተር ጥቃት ሲመታ፣ በጀርመን የሚገኙ 5,800 ያህል የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከርቀት መቆጣጠሪያቸው ተቋረጡ። የማመንጫዎቹ ባለቤቶች በጦርነቱ ውስጥ አልነበሩም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር አንድ የሩሲያ ዲፕሎማት በተባበሩት መንግሥታት ስብሰባ ላይ፣ ለጦር የሚያግዙ የንግድ ሳተላይቶች የአጸፋ ጥቃት ዒላማ ሊሆኑ እንደሚችሉ ተናገረ። በጎረቤታችን በሱዳንም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ሲቋረጥ፣ ሰላማዊ ሰዎች ከዘመድ ገንዘብ ለመቀበል ስታርሊንክን ተጠቀሙ፤ ታጣቂዎችም ያንኑ ተጠቀሙ።

ሕጉስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1967 የተፈረመው የኅዋ ስምምነት የኑክሌር መሣሪያን በምድር ዙሪያ ማስቀመጥ ይከለክላል፤ መልእክት ማስተላለፍንና ምስል ማንሣትን ግን አይከለክልም። ይሁን እንጂ መንግሥታት የግል ኩባንያዎቻቸው በኅዋ ለሚሠሩት ሥራ ኃላፊ መሆናቸውን ይደነግጋል። ስለዚህ «ኩባንያ ነው የሠራው» ማለት መንግሥትን ከተጠያቂነት አያድነውም።

7. ምስጢሩ እንዴት ሊታወቅ ይችላል?

ሳተላይትን ከዓይን መሰወር አስቸጋሪ ነው። መንገዱ ሊሰላ ይችላል፤ ብርሃኑ ይታያል፤ ሞገዱም ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2025 በካናዳ የሚኖር አንድ የራዲዮ አማተር፣ ከስታርሺልድ ሳተላይቶች የሚመጣ ምልክት ባልተለመደ የሞገድ ክልል እንደሚተላለፍ በራሱ አንቴና ደርሶበት ይፋ አድርጓል። ይሁንና በሞገዱ ውስጥ የተጓዘው መልእክት ምን እንደ ሆነ አላወቀም። ከውጭ የሚመለከት ሰው መንገዱን፣ ጊዜውንና ሞገዱን ማወቅ ይችላል፤ ይዘቱን ለማወቅ ግን የውል ሰነድ፣ የምርመራ ውጤት ወይም የሠራተኛ ምስክርነት ያስፈልጋል። ኮሮናም ክሪፕቶ ኤጂም የተገለጡት በሰነድ እንጂ በግምት አይደለም።

ስለዚህ በጎግ ሰማይ ሥር የተነሣው ክርክር እንዲህ ቢቋጭ መልካም ነው። «የስልክ ናት» ያለው ሰው የባለቤቷን ስም አውቆ ይሆናል፤ ደንበኞቿን ሁሉ ግን አላወቀም። «ሰላይ ናት» ያለውም ሊሆን የሚችለውን ተናገረ እንጂ የሆነውን አላረጋገጠም። ማመንም መጠርጠርም ቀላል ናቸው፤ ጠይቆ ማስረጃ መሻት ግን ድካም ይጠይቃል። የተማረ ሰው ይህን ድካም አይሸሽም።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. መልእክት አስተላላፊ ሳተላይት ከታንኳ አሻጋሪ ጋር የተመሳሰለው በምን ምክንያት ነው?
2. በ1894 ዓ.ም. ውል ውስጥ የገባው ክልከላ ምን የሚል ነው? እንዲገባ ያስፈለገው ለምን ይመስላችኋል?
3. የቃኘው ጣቢያ ከክሪፕቶ ኤጂ የሚለየው በምንድን ነው? በመኖሩና በሥራው መካከል የትኛው እንደ ተደበቀ እያነጻጸራችሁ ግለጹ።
4. የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ምሳሌ የገባው የትኛውን ሐሳብ ለማስረዳት ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍቺ መሠረት አብራሩ፤ ከዚያም እያንዳንዳቸውን በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቡ።

መጋረጃ፣ ነፍስ ዘራ፣ ይጠልፉ ነበር፣ አጸፋ፣ ይዞታ፣ ተጠያቂነት

«ቃኘ» የሚለው ግስ ምን ማለት እንደ ሆነ ከመዝገበ ቃላት ፈልጉ። ለጣቢያው ሥራ የሚስማማና የማይስማማ ፍቺ ታገኙለታላችሁን?

ሐ. ሰዋስው

«ሳተላይቷ ምስል ታነሣለች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር (1) መቻልን፣ (2) መገመትን፣ (3) ከሌላ ሰው መስማትን እንዲያመለክት አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ጻፉ።

ምሳሌ፦ ጀልባው ወታደር ያጓጉዛል።
(1) ጀልባው ወታደር ሊያጓጉዝ ይችላል።
(2) ጀልባው ወታደር ሳያጓጉዝ አይቀርም።
(3) ጀልባው ወታደር ያጓጉዛል ይባላል።

በመጨረሻም ከምንባቡ ክፍል 5 ውስጥ በዜና ምንጭ ላይ የተመሠረተውን ዓረፍተ ነገር ለይታችሁ አውጡ። ጸሐፊው «ዘገበ» በማለት ፈንታ «ነው» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ የዓረፍተ ነገሩ ኃላፊነት በማን ላይ ይወድቅ እንደ ነበር ተወያዩ።

መ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ ለሁለት ዓላማ ሊያገለግል የሚችል አንድ ነገር ምረጡ፤ መንገድ፣ ድልድይ፣ ስልክ ወይም ጀልባ ሊሆን ይችላል። ስለ እርሱ አራት አንቀጽ ያለው አስረጂ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ነገሩን አስተዋውቁ፤ በሁለተኛው አሠራሩን አብራሩ፤ በሦስተኛው በእርግጥ የምታውቁትን አገልግሎቱን፣ በአራተኛው ሊኖረው የሚችለውን ሌላ አገልግሎት ግለጹ። ሦስተኛውንና አራተኛውን አንቀጽ እንዳታደባልቁ ተጠንቀቁ።